የወንዝና የሜዳ ጎርፍ ስሌት መጋጠሚያ

ከብቸናና ከሞጣ አገር የሚወርዱት ወንዞች በገደል ተይዘው ወደ ዐባይ ስለሚገቡ፣ የጎርፋቸው መንገድ አንድ ነው፤ ስለዚህ የውሃውን ከፍታና መጠን በርዝመቱ ብቻ ማስላት ይበቃል። ከሞጣ በታች ተጠግኖ የነበረውን ሰባራ ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2005 የወሰደው ጎርፍም በዚሁ በሸለቆው መስመር የመጣ ነው።

ከጣና በስተምሥራቅ ባለው በፎገራ ግን ርብና ጉማራ እ.ኤ.አ. በ2006 ክረምት ከዳራቸው አልፈው በሜዳው ተንጣለሉ። እንዲህ ያለው ውሃ በርዝመትም በወርድም ይሰላል።

የሁለቱ ስሌት መጋጠሚያ የወንዙ ዳር ነው። ውሃው ከዳሩ ከፍ ሲል ትርፉ በግድብ አናት ላይ እንደሚያልፍ ሆኖ ይቈጠራል፤ ከወንዙ የተቀነሰው ሁሉ ለሜዳው ይደመራል፤ ወንዙ ሲጎድልም የሚመለሰው እንዲሁ ይሰላል።

እንግዲህ የዳሩ ከፍታ በጥንቃቄ ይለካ፤ በግማሽ ክንድ ቢሳሳቱ፣ ሽሽ የሚባለው መንደር ሌላ፣ የሚጥለቀለቀው ሌላ ይሆናል።