ለባትሪ ድንጋይ መሣሪያ የኤሌክትሪክ ግፊት ማሳደጊያን ስለ መምረጥ

አንድ የባትሪ ድንጋይ አዲስ ሲሆን የሚሰጠው የኤሌክትሪክ ግፊት 1.5 ቮልት ያህል ነው፤ ሊያልቅ ሲቃረብ ግን ወደ 0.9 ቮልት ይወርዳል። ከጥቃቅኖቹ የኤሌክትሮኒክስ መሣሪያዎች ብዙዎቹ 5 ቮልት የሚፈልጉ ስለ ሆኑ፥ ሁለት ድንጋይ ብቻውን አይበቃቸውም። ስለዚህ በድንጋዩና በመሣሪያው መካከል ግፊቱን ከፍ የሚያደርግ ማሳደጊያ ይገባል።

አሠራሩም እንዲህ ነው። ትራንዚስተሩ መንገድ ሲሰጥ የኤሌክትሪኩ ፍሰት በጥቅል ሽቦ ውስጥ ያልፋል፤ በሽቦውም ዙሪያ የማግኔት ኃይል ይጠራቀማል። መንገዱ በድንገት ሲቋረጥ ያ የማግኔት ኃይል ይፈርሳል፤ ሚካኤል ፋራዴይ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1831 ዓ. ም. እንደ ገለጠው፥ ተለዋዋጭ ማግኔት በሽቦ ውስጥ ግፊት ያስነሣል። ይህ ግፊት በድንጋዩ ግፊት ላይ ተደርቦ፥ ወደ አንድ ወገን ብቻ በሚያሳልፈው ዳዮድ በኩል፥ ኤሌክትሪክን ወደሚያከማቸው ካፓሲተር ይገባል። ይህም በአንድ ሰኮንድ ብዙ ሺሕ ጊዜ ይደጋገማል።

ነገር ግን ማሳደጊያው ግፊትን ይጨምራል እንጂ ኃይልን አይፈጥርም፤ በእንስራ ከተቀዳው ውኃ በላይ ማፍሰስ አይቻልምና። ለምሳሌ 5 ቮልትና 100 ሚሊ አምፔር የሚፈልግ መሣሪያ 500 ሚሊ ዋት ይወስዳል። ማሳደጊያው ከተቀበለው ከመቶ 85 እጁን የሚያወጣ ቢሆን፥ ከድንጋዮቹ 588 ሚሊ ዋት መውጣት አለበት። ሁለት አዲስ ድንጋዮች በ3 ቮልት ይህን ለመስጠት 196 ሚሊ አምፔር ይበቃቸዋል፤ ደክመው 1.8 ቮልት ሲደርሱ ግን 327 ሚሊ አምፔር ይጠየቃሉ። ክፋቱ ይህ ነው፤ ድንጋዩ በደከመ ቍጥር ሸክሙ ይከብድበታል። በሱቅ ሲሞከር በሚገባ የሠራ መሣሪያ በትምህርት ቤት ከጥቂት ቀን በኋላ ቢቆም፥ ምክንያቱ ይህ ሊሆን ይችላል።

እንግዲህ ማሳደጊያ የሚመረጠው በአዲሱ ድንጋይ ሒሳብ ሳይሆን በደከመው ሒሳብ ነው። በእያንዳንዱ ምት ፍሰቱ ከአማካዩ በላይ ስለሚወጣ፥ ጥቅል ሽቦውና ትራንዚስተሩ የ327 ሚሊ አምፔሩን እጥፍ የሚችሉ ቢሆኑ መልካም ነው። የመገናኛውም ሽቦ ወፍራምና አጭር ይሁን፤ 1 ኦም ብቻ የሆነ መሰናክል ከ1.8 ቮልቱ 0.33 ቮልት ያህል ይበላልና። የዛገ የድንጋይ ማስገቢያም እንዲሁ ያደርጋል።

ጥቅል ሽቦ የሌለው፥ በካፓሲተር ብቻ ግፊቱን እጥፍ የሚያደርግ ማሳደጊያም አለ። ርካሽና ትንሽ ነው፤ ነገር ግን የ1.8 ቮልት እጥፍ 3.6 ስለ ሆነ ለዚህ ሥራ አይበቃም።

ከሁሉ የሚሻለው ሦስተኛ ድንጋይ መጨመር ነው። ሦስቱ ሲደክሙ 2.7 ቮልት ስለሚሰጡ የሚጠየቀው ፍሰት ወደ 218 ሚሊ አምፔር ይወርዳል። አራት ማድረግ ግን አይገባም፤ ተራው ማሳደጊያ ግፊትን መቀነስ ስለማይችል፥ የአራት አዲስ ድንጋዮች ግፊት በጥቅሉና በዳዮዱ አልፎ 5 ቮልት ብቻ የሚችለውን መሣሪያ ሊያበላሽ ይችላል።

ደግሞም ማሳደጊያው ሥራ ሳይኖረው የሚወስደውን ፍሰት መጠየቅ ያስፈልጋል። 5 ሚሊ አምፔር የሚወስድ ቢሆን፥ 2000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚይዙ ድንጋዮች በ400 ሰዓት፥ ማለት 17 ቀን ሳይሞላ፥ በከንቱ ያልቃሉ። ስለዚህ የማብሪያ ማጥፊያው ስፍራ በድንጋዩና በማሳደጊያው መካከል ነው፤ ከማሳደጊያው በኋላ የተደረገ እንደ ሆነ ትምህርት ቤቱ ተዘግቶ ሳለ ድንጋዩ ሌሊቱን ሁሉ ይመጠጣል።