ጥቂት የሚበላው የበዓል እንግዳ

ሃምሳ አምስቱ የዐቢይ ጾም ቀናት ተፈጽመው፣ ከሌሊቱ ቅዳሴ መልስ የዶሮው ወጥ ሲቀርብ፣ በገበታው ዙሪያ የሚሰማው ቃል በየቤቱ ተመሳሳይ ነው። «በሞቴ ጉረስ!»፣ «አፈር ስሆን፣ ይቺን ብቻ!» ይባላል። ጉርሻ የፍቅር መግለጫ፣ «አልጎርስም» ማለትም የቅሬታ ምልክት ሆኖ ኖሯል። ይሁን እንጂ ፍቅሩ ሳይጎድልበት ጉርሻውን ሊቀበል የማይችል ሰው ከመካከላችን ሊኖር ይችላል። ይኸውም ከመጠን ባለፈ ውፍረት ምክንያት ጨጓራውን በቀዶ ሕክምና ያስቀነሰ ሰው ነው።

ሕክምናው የትናንት አይደለም። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1966 በአሜሪካ አዮዋ ዩኒቨርሲቲ ዶክተር ኤድዋርድ ሜሰን የጨጓራን የላይኛውን ክፍል ለይተው ከትንሹ አንጀት ጋር በማገናኘት ጀመሩት። ዛሬ በብዛት የሚሠራው ሌላው ዓይነት ደግሞ ከጨጓራው 80 በመቶ ያህሉ ተቆርጦ የሚወጣበትና ቀሪው እንደ ሙዝ ቀጠን ያለ ቱቦ የሚሆንበት ነው። ወገኖቻችን በሚኖሩባቸው በአሜሪካ፣ በአውሮፓና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ሕክምናው የተለመደ በመሆኑ፣ ለበዓል ወደ ቤተሰቡ የሚመጣው እንግዳ ይህን አልፎ የመጣ ቢሆን አያስደንቅም።

ቀዶ ሕክምናው የሚቆርጠው ጨጓራን እንጂ ልማድን አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ታካሚው ፈሳሽ ብቻ ይወስዳል፤ ቀጥሎ የላመ፣ ከዚያም ለስላሳ ምግብ ይፈቀድለታል። ወደ ጠጣር ምግብ የሚመለሰው ሁለት ወር ገደማ ሲሆነው ነው። ከዚያም በኋላ ቢሆን በጥቂት በጥቂቱ መቁረስ፣ እያንዳንዱን ጉርሻ አድቅቆ ማኘክ፣ ከምግብ ጋር አለመጠጣት፣ ከበላም በኋላ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ መጠጣት የዘወትር ሥርዓቱ ይሆናል። አንድ ትልቅ ጉርሻ ብቻ ደረቱን አስጨንቆ ሊያስመልሰው ይችላል። ጣፋጭና ቅባት የበዛበት ምግብ ሲወስድ ደግሞ፣ በተለይ አንጀቱ ከጨጓራው ጋር የተገናኘለት ሰው፣ ላብ ያጠምቀዋል፤ ልቡ ይመታል፤ ሆዱም ይታወካል። ይህ የሚሆነው ምግቡ በጥድፊያ ወደ አንጀት ስለሚወርድ ነው።

እንግዲህ ይህ ሰው በፋሲካ ገበታ ምን ይብላ? መልሱ እዚያው ከሳህኑ ላይ ይገኛል። አስቀድሞ ሰውነት ገንቢውን ምግብ፣ ማለትም እንቁላሉንና የዶሮውን ሥጋ ይብላ። በመረቁ ላይ የተንሳፈፈው ቅቤ ገለል ይበልለት፤ ሆድ የሚሞላው እንጀራና ድፎ ዳቦ ቦታ ከተረፈ ለመጨረሻ ይሁን። ጠጅ፣ ጠላና አረቄ ግን ጥንቃቄ ይሻሉ። ከዚህ ሕክምና በኋላ አልኮል ቶሎ ወደ ደም ስለሚገባ፣ ቀድሞ ሞቅ ብቻ ያደርግ የነበረው መጠን ዛሬ ያሰክራል። ከሕክምናው በኋላ ባሉት ዓመታት ለመጠጥ ሱስ የተጋለጡም አሉ።

ከበዓሉ ይልቅ ብርቱ ጥያቄ የሚያስነሣው ጾሙ ነው። «ሆድን በጎመን ቢደልሉት ጉልበት በዳገት ይለግማል» እንዲሉ፣ ጨጓራው የተቀነሰለት ሰው በቀን ቢያንስ 60 ግራም ያህል ፕሮቲን ያስፈልገዋል። አንድ ስኒ የተቀቀለ ምስር 18 ግራም ያህል ይሰጣል። በጾም የሚያስፈልገውን ከምስር፣ ከሽምብራና ከባቄላ ማግኘት ባይሳነውም፣ አንድ ጊዜ ብዙ መብላት ስለማይችል ቀኑን ሙሉ ከፋፍሎ መውሰድ ግድ ይሆንበታል። ውኃም እንደዚሁ ጥቂት በጥቂት መጠጣት አለበት። ይህ ደግሞ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ከእህልና ከውኃ መከልከል ጋር ይጋጫል። ቤተ ክርስቲያን ለሕሙማን ታዝናለችና፣ ከጾሙ አስቀድሞ ከሐኪሙም ከንስሐ አባቱም ጋር መመካከሩ ተገቢ ነው። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብ ስለማይጾሙ፣ ለሐዋርያት ጾም ከወዲሁ ለመምከር በቂ ጊዜ አለ። ሐኪሙ ያዘዛቸው ቢ-12፣ ብረት፣ ካልሲየምና ሌሎችም ግን በጾምም በፍስክም የሚቋረጡ አይደሉም፤ የዕድሜ ልክ ናቸው።

ከሁሉ የሚከብደው ምናልባት የሰው አንደበት ነው። መክሳት በአገራችን የሕመም ወይም የችግር ምልክት ተደርጎ ስለሚታይ፣ «ምን ነካሽ? ምነው እንዲህ ጠወለግሽ?» የሚለው ጥያቄ ከየአቅጣጫው ይዘንባል። አንዳንዱም «ቢላዋ ምን አስፈለገ? መብላት ማቆም ነበር እንጂ!» ሲል ይፈርዳል። ከመጠን ያለፈ ውፍረት ግን የስንፍና ውጤት ብቻ አይደለም፤ ከዘር፣ ከሰውነት ቅመሞችና ከአኗኗር ጋር የተያያዘ ሕመም ነው። ስኳር በሽታንና የደም ግፊትንም ያስከትላል። ታካሚውም ቢሆን የቀለለው ሰውነቱ ከነአዲስ ልብሱ እንግዳ ይሆንበታል፤ በሐዘንም በደስታም ያጽናናው የነበረው ማዕድ ርቆታል። ከወራት በኋላ ጠጉሩ ሲረግፍ ደግሞ ይደነግጣል፤ ይህ ግን ብዙውን ጊዜ አልፎ የሚሄድ ነው። የወረደው ክብደት በከፊል ሊመለስ ስለሚችልም ትግሉ በአንድ ቀን አያበቃም።

ስለዚህ፣ እናቶችና አባቶች ሆይ፣ በዚህ ቀን ለእንዲህ ያለው ልጃችሁ ትንሽ ሳህን አቅርቡለት። ጉርሻውን ለመቀበል «በቃኝ» ሲል ማሉልኝ፣ ቅመሱልኝ አትበሉት፤ ሳህኑን ሳይሆን ፊቱን ተመልከቱ። ልጆችም ብትሆኑ፣ ሕክምናችሁን ለአንድ የቅርብ ዘመድ አስቀድማችሁ ብትነግሩ፣ ያ ዘመድ በገበታው ላይ ጠበቃ ይሆናችኋል። የፋሲካ ማዕድ የሚያሰባስበን የሚበላው ብዛት አይደለምና፣ ጥቂት የበላውም ሰው ከእኛው ጋር አክብሯል።

መልካም በዓል!