በአሜሪካ የገጠር ከተማ የቤት ኪራይ ድጎማ ስለ መጠየቅና ከአገር ቤት ስለሚጻፍ ማስረጃ

ከክቡራን ነጋዴዎቻችን ብዙዎቹ በአሜሪካ ልጅ፣ ወንድም ወይም የእኅት ልጅ አላቸው። ከእነዚህም ዘመዶች አንዳንዶቹ የትልልቁ ከተማ ኑሮ ሲከብዳቸው ወደ ትንንሽ የገጠር ከተሞች ሄደው በፋብሪካ ይሠራሉ፤ ሌሎቹም አነስተኛ ሱቅ ይከፍታሉ። ለቤት ኪራይ የመንግሥት ድጎማ በሚያመለክቱበት ጊዜ ከአገር ቤት ማስረጃ እንዲያቀርቡ ይጠየቃሉ፤ ማስረጃውም የሚጻፈው እንደ እኔ ባለ የነጋዴ ጸሐፊ እጅ ነው።

እኔም አሠሪዬ ለእኅታቸው ልጅ እንዲህ ያለ ደብዳቤ እንድጽፍ ባዘዙኝ ጊዜ፣ «በየጊዜው እንረዳዋለን» የሚል ቃል ጽፌ፣ ማኅተም አድርጌ ላክሁ። ደብዳቤው ስንት ዶላር፣ በየስንት ጊዜው፣ ከመቼ ጀምሮ የሚል ጥያቄ ተያይዞበት ተመለሰ። እስኪታረም ድረስ የልጁ ጉዳይ ቆሞ ቆየ። ስሕተቱ የእኔ ስለ ነበረ፣ ከዚያ ወዲህ ደንቡን በተቻለኝ መጠን መርምሬአለሁ።

በመጀመሪያ ሊታወቅ የሚገባው በገጠር ከተማ በሮቹ ሁለት መሆናቸው ነው። አንደኛው ዘመዶቻችን «ሴክሽን ኤይት» የሚሉት የቫውቸር ድጎማ ነው። መሠረቱ እ.ኤ.አ. በ1974 በወጣው ሕግ የተጣለ ሲሆን፣ ማመልከቻውን የሚቀበለው የአካባቢው የቤቶች ባለሥልጣን ነው፤ ይኸውም በተለምዶ «ሀውዚንግ» የሚባለው ነው። ሁለተኛው የአሜሪካ የእርሻ መሥሪያ ቤት ድጎማ ነው። ይህ መሥሪያ ቤት እንደየሁኔታው እስከ 35,000 ነዋሪ ባላቸው የገጠር ከተሞች ለኪራይ ቤት ሠሪዎች ብድር ይሰጣል፤ በእነዚህም ሕንፃዎች ውስጥ ለሚኖሩ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው ተከራዮች ከኪራዩ ከፊሉን ይከፍላል። ለዚህኛው የሚመለከተው በቀጥታ ለሕንፃው አስተዳዳሪ ነው እንጂ ለሀውዚንግ ቢሮ አይደለም። ብዙዎች ይህን ሁለተኛውን በር ሳያውቁት በአንደኛው ደጃፍ ብቻ ዓመታት ይጠብቃሉ።

የሁለቱ ልዩነት ቀላል አይደለም። ቫውቸሩ ከቤተሰቡ ጋር ይሄዳል፤ የእርሻ መሥሪያ ቤቱ ድጎማ ግን ከክፍሉ ጋር የተሳሰረ ስለሆነ፣ ተከራዩ ቤቱን ሲለቅ ድጎማውንም ይለቃል። ቫውቸር ያገኘ ሰው ደግሞ ቤቱን ራሱ ፈልጎ ማግኘት አለበት፤ ለዚህም የሚሰጠው ጊዜ ቢያንስ 60 ቀን ነው። የሚከራይ ቤት በጥቂቱ በሚገኝበት ትንሽ ከተማ 60 ቀን ፈጥኖ ያልቃልና፣ ጊዜው ሳያልፍ እንዲራዘም በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

በሁለቱም በኩል የተከራዩ ድርሻ በጠቅላላው ከተስተካከለው ገቢ 30 በመቶ ያህል ነው። ለባለ ሱቅ ችግሩ የሚመጣው ይህ ገቢ በሚሰላበት ጊዜ ነው። ቢሮው የሚመለከተው የንግዱን የተጣራ ገቢ ነው፤ ሆኖም ንግድን ለማስፋት የወጣ ገንዘብና ለብድር ዋና ገንዘብ የተከፈለ ተቀናሽ አይሆንም። የዕቃ እርጅና ግን በየዓመቱ በእኩል መጠን ተሰልቶ ይቀነሳል።

ለምሳሌ ባልና ሚስት ከሁለት ልጆች ጋር አንድ ሱቅ ይዘዋል እንበል። የዓመቱ ሽያጭ 80,000 ዶላር፣ የሸቀጡ መግዣ 52,000፣ የሱቁ ኪራይ፣ መብራትና ኢንሹራንስ 8,040፣ የማቀዝቀዣዎቹ እርጅና 1,000 ቢሆን፣ የሚቀረው 18,960 ዶላር ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ 480 ዶላር ሲቀነስ (ይህ ቁጥር ከኑሮ ውድነት ጋር እየተስተካከለ ይለዋወጣል) 18,000 ይሆናል፤ በወር 1,500 ማለት ነው፤ 30 በመቶውም 450 ዶላር ነው። ቤተሰቡ ግን ለማቀዝቀዣው ብድር ዋና ገንዘብ በዓመቱ ውስጥ 4,800 ዶላር ከፍሎ ከሆነ፣ ይህን ገንዘብ በእጁ አላየውምና ድርሻዬ 330 ዶላር ነው ብሎ ይገምታል። በየወሩ የ120 ዶላር ልዩነት ለትንሽ ሱቅ ቀላል አይደለም፤ ቀድሞ ማወቁ ይበጃል።

ከሱቁ ሣጥን ለቤት የሚወጣ ገንዘብም እንደ ገቢ ሊቆጠር ይችላል። ቤተሰቡ ቀድሞ ከኪሱ ለሱቁ ያዋጣውን የሚመልስ ከሆነ ግን አይቆጠርም። ስለዚህ ሱቁ ሲከፈት የገባው የግል ገንዘብ ከነቀኑ በመዝገብ መስፈር አለበት። የእኛ ሰው ይህን አንዴም አይጽፍ።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ጉዳይ ልመለስ። በየወሩ ወይም በተወሰነ ጊዜ የሚላክ እርዳታ ገቢ ነው፤ መገለጽም አለበት። ለገና፣ ለሠርግ ወይም ለልደት የተላከ ስጦታ ግን በገቢ አይቆጠርም። እንግዲህ ጸሐፊው ሁለቱን ለይቶ፣ የገንዘቡን መጠን በዶላርና የተላከበትን ቀን ይጻፍ፤ ደብዳቤው በእንግሊዝኛ ቢሆን ይመረጣል። ከአሜሪካ ወደ እኛ የሚላከው ገንዘብ ግን፣ ለእናት መጦሪያ እንኳ ቢሆን፣ ከላኪው ገቢ ላይ አይቀነስም።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ የአክሲዮን ነገር ነው። ከመካከላችን ማኅበር ስናቋቁም የባለድርሻ ቁጥር ለመሙላት ውጭ አገር ያለውን የወንድም ልጅ ስም የምናስገባ አለን። ልጁ ሳንቲም አላዋጣም፣ ትርፍም አልተካፈለም፤ በወረቀት ግን ባለሀብት ነው። በስሙ ያለ ቤትም ቢሆን እንዲሁ ነው። የአሜሪካ ሕግ አመልካቹ በየትኛውም አገር ያለውን ሀብት እንዲያስታውቅ ያስገድደዋል፤ እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው ሕግ ደግሞ ለቫውቸር አመልካች የተጣራ ሀብት 100,000 ዶላር ጣሪያ ቆርጧል። ይህም ቁጥር በየጊዜው የሚስተካከል ስለሆነ፣ አፈጻጸሙን ከቢሮው መጠየቅ ይገባል። ልጁ ድርሻውን ቢሰውር ድጎማውን ከማጣቱ በላይ የተቀበለውን እንዲመልስ ሊፈረድበትና በወንጀልም ሊከሰስ ይችላል። ስለዚህ አጎት የወንድሙን ልጅ ስም በመመሥረቻ ጽሑፍ ከማስፈሩ በፊት ልጁን ይጠይቀው። ያለፈ ከሆነ ደግሞ የድርሻውን ትክክለኛ መጠንና የተከፈለ ትርፍ መኖር አለመኖሩን የሚያሳይ ማስረጃ ከማኅበሩ መዝገብ አውጥቶ ይላክለት።

የቫውቸር ማመልከቻ ገንዘብ አይከፈልበትም፤ ለማስመዝገብ ክፈል የሚል ሰው አታላይ ነው። የተራ መጠበቂያው መዝገብ ብዙ ጊዜ ዝግ ሆኖ ስለሚቆይ፣ የሚከፈትበትን ቀን መከታተልና በአጎራባች ወረዳዎችም መመዝገብ ይቻላል። በዚህ ጊዜ አድራሻውን የለወጠ ሰው ወዲያው በጽሑፍ ያስታውቅ፤ ቢሮው የላከው ደብዳቤ ያለ መልስ ከቀረ ስሙ ከመዝገቡ ሊሰረዝ ይችላልና።