የደባል ተማሪ የመያዣ ገንዘብ

ክፍል ተከራይቶ የሚማር ጓደኛችን በየዓመቱ ትምህርት ሊዘጋ ሲል የሚያነሣው አንድ ጥያቄ አለ። «ስገባ ለቤቱ ባለቤት የሰጠሁት ገንዘብ እንዴት ይመለስልኛል?» ይላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ ነገር ግን ዘግይቷል። መልሱ የሚዘጋጀው በሚገባበት ቀን ነውና።

ይህን የምጽፈው በሐረር ከተማ፥ በተለይም በጀጎል ቅጥር ውስጥና በአካባቢው፥ ባለቤቱ ራሱ በሚኖርበት ግቢ አንዲት ክፍል ይዘው ለሚማሩ ነው። የሐረማያ ዩኒቨርሲቲ የጤናና ሕክምና ሳይንስ ኮሌጅ በዚሁ ከተማ ስለ ሆነ፥ ከመኝታ ቤት ውጭ የሚያድር ተማሪ እንግዳ ነገር አይደለም። የሁለት ወር ኪራይ ለነጋዴ ምናልባት ቀላል ይሆናል። ለተማሪ ግን የሚቀጥለውን ክፍል የሚይዝበት ገንዘብ ያው አንዱ ነው፤ እርሱ ከተያዘበት ሻንጣውን አንሥቶ ከጓደኛ ፍራሽ ላይ ይወድቃል።

እንዲህ ያለውን ተከራይ አማርኛችን ደባል ይለዋል። ትርፍ ቤቶችን የመንግሥት ካደረገው ከ1967 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 47 ወዲህ ቃሉ በቀበሌ ቤቶች ዘንድ በጣም የተለመደ ነው። ደባል ቤት ብቻ አይከራይም፤ ከሰው ኑሮ ውስጥ ይገባል። በጀጎል ደግሞ ይህ ይብሳል። በ16ኛው መቶ ዓመት በኤሚር ኑር ዘመን በታጠረው ከተማ ውስጥ፥ ብዙ ቤቶች በአንድ የውጭ በር ገብተው አንድ ግቢ ይጋራሉ። ማታ ሲያመሽ በሩን የሚከፍቱለት የግቢው እመቤት ናቸው፤ ቡና ሲፈላም ይጠሩታል። «እንደ ልጄ ነህ፤ በእኔና በአንተ መካከል ምን ወረቀት ያስፈልጋል?» ይሉታል። ከልባቸውም ነው። እርሱም አፍሮ ዝም ይላል። ዓመቱ አልቆ ገንዘቡን ሲጠይቅ ግን ገንዘቡ ለጣራ ቆርቆሮ ወይም ለልጅ ሠርግ ወጥቷል። ያን ጊዜ «ልጄ» የተባለው ተመልሶ «ተከራዩ» ይሆናል። ይህን ስል እመቤቲቱ አጭበርባሪ ናቸው ማለቴ አይደለም፤ በእጅ ያለ ገንዘብ ችግር ሲመጣ እንደሚወጣ ሁላችንም ከቤታችን እናውቃለን።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንግባ። የገንዘቡ ዕድል የሚወሰነው በተሰጠበት ስም ነው። በሰፈራችን ግን ሦስት የተለያዩ ነገሮችን በአንድ አፍ «የመጀመሪያው ብር» እያልን እንጠራለን።

አንደኛው ቀብድ ነው። ክፍሉ ለሌላ እንዳይሰጥ ከመግባታችን በፊት የምንሰጠው ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ከቁጥር 1883 እስከ 1885 ይህን ይናገራል። ቀብድ ውል ለመደረጉ ማስረጃ ይሆናል። የሰጠው ሰው ሐሳቡን ቢለውጥ ቀብዱን ይተዋል፤ የተቀበለው ቢለውጥ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። ውሉ እንደታሰበው ከተፈጸመ ግን፥ ሌላ ስምምነት ከሌለ፥ ቀብዱ ይመለሳል ወይም ከሚከፈለው ላይ ይታሰባል። ስለዚህ ክፍሉ ውስጥ ገብቶ ለተቀመጠ ተማሪ «ቀብድ አይመለስም» የሚለው አነጋገር አይሠራም።

ሁለተኛው ቅድሚያ ክፍያ ነው። ይህ አስቀድሞ የተከፈለ ኪራይ ስለ ሆነ በመኖር ይበላል እንጂ አይመለስም። ጠቡ የሚነሣው «መቼ ተበላ?» በሚለው ላይ ነው። ተማሪው መስከረም ላይ የ2 ወር ሰጥቶ፥ ከዚያው ከመስከረም ጀምሮ በየወሩ ሌላ ከከፈለ፥ የመጀመሪያው ሳይነካ ቆሟል ማለት ነው፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ወራት ሳይከፍል ሊቀመጥበት ይገባል። ነገር ግን በየወሩ ለመክፈሉ ደረሰኝ ከሌለው በምን ያስረዳል?

ሦስተኛው መያዣ ነው፤ ዕዳ ወይም ጉዳት ቢገኝ እንዲቆረጥበት በእምነት የሚቀመጥ፥ ካልተገኘ ሙሉውን የሚመለስ። ደባል ሁሉ መያዣ የሰጠ ይመስለዋል፤ ባለቤቱ ግን ቅድሚያ ክፍያ እንደ ተቀበለ ያስባል። ሁለቱም ሳይዋሹ ይጣላሉ።

መጋቢት 24 ቀን 2016 ዓ.ም. በተወካዮች ምክር ቤት የጸደቀው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320 በዚህ ላይ ጥቂት ብርሃን ሰጥቷል። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ቅድሚያ ክፍያው ከ2 ወር ኪራይ እንዳይበልጥ፥ ኪራዩም በባንክ ወይም በሕጋዊ የኤሌክትሮኒክ መንገድ እንዲከፈል ያዛል። አከራዩ ሁለት ወር ከተቀበለ በኋላ «ለመያዣ» ብሎ ሌላ ቢጨምር፥ በእኔ አስተያየት ስም ለውጦ ክልከላውን መዝለል ነው። ምዝገባው በሰፈራችሁ እንዴት እንደሚሠራ ከቤቶች ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። ውሉ ባይመዘገብ እንኳ የባንኩ ደረሰኝ ታላቅ ምስክር ነው፤ ምክንያት በሚጻፍበት ቦታ «የጥቅምት ኪራይ» ወይም «ተመላሽ መያዣ» ብሎ መጻፍ ምንም አያስወጣም።

ከመያዣ ላይ ምን ይቆረጣል? ያልተከፈለ ኪራይና ተከራዩ የሰበረው ነገር ይቆረጣል። በዘመን ብዛት የደበዘዘ ኖራ፥ በአገልግሎት ያለቀ ቁልፍ አይቆረጥም። በሐረር ግን ከሁሉ የሚከፋው የውሃና የመብራት ሂሳብ ነው። ለከተማው ውሃ ይሰጥ የነበረው የሐረማያ ሐይቅ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ከደረቀ ወዲህ ውሃ ከድሬ ዳዋ በኩል ከሩቅ እየተሳበ ይመጣል፤ ሲጠፋም በጀሪካን ይገዛል። ቆጣሪው አንድ፥ በርሜሉ አንድ፥ ጠጪው ብዙ ነው። በመጨረሻው ቀን «የዓመቱ የውሃ ድርሻህ» ተብሎ ከመያዣው ግማሹ ሲሄድ የሚከራከር ተማሪ ቁጥር የለውም። ስለዚህ ድርሻውን በየወሩ ከፍሎ ማስፈረም፥ ሲገቡና ሲወጡም የቆጣሪውን ቁጥር መመዝገብ ነው። ግድግዳውንም በገባችሁበት ቀን በስልካችሁ ፎቶግራፍ አንሡት። በአሮጌ የሐረር ቤት ግድግዳ ላይ ምስማር ከመምታታችሁ በፊት ደግሞ ጠይቁ፤ ባለቤቶቹ ስፌታቸውን የሚሰቅሉበት ግድግዳ ክብራቸው ነው፤ በዚህስ እነርሱን እደግፋለሁ።

መውጫው ሲደርስ ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት፥ ሰው በሌለበት፥ በትሕትና ተናገሩ። ገንዘቡ በእጃቸው ላይኖር ስለሚችል ጊዜ መስጠቱ ለእናንተም ይጠቅማል። «እማማ፥ በዚህ ቀን እወጣለሁ፤ ያለብኝን ሂሳብ ይንገሩኝና የመያዣዬን ቀሪ እንተሳሰብ» ማለት ይበቃል። በዕለቱ ክፍሉን ጠርጋችሁ በአንድ ምስክር ፊት ቁልፉን አስረክቡ። ቁልፍ መደበቅ፥ ወይም በሩን ዘግቶ «ብሬን ካልሰጡኝ አልከፍትም» ማለት የሚረባ አይደለም፤ ሰዎቹ በሚኖሩበት ግቢ ውስጥ ያለ ክፍል ነውና ጎረቤቱ ሁሉ በእናንተ ላይ ይነሣል።

እምቢ ካሉ ወዲያው ወደ ፍርድ ቤት አትሩጡ። በሐረሪ ቤተሰብ ዘንድ አፎቻ፥ በሌላው ዘንድ እድር ትልቅ ክብር አለው፤ ከዚያ አንድ ሽማግሌ ይዞ የሄደ ተማሪ ብዙ ጊዜ ገንዘቡን ወይም የመክፈያ ቀን ይዞ ይመለሳል። ቀኑን ግን አስጽፉት። ይህም ካልሆነ በጽሑፍ ጠይቆ፥ የጽሑፉን ቅጂ ይዞ ክስ ማቅረብ ይቻላል። ከውል የሚመነጭ መብት በጠቅላላው ደንብ እስከ 10 ዓመት ድረስ በይርጋ አይታገድም።

አሥር ዓመት ረጅም ይመስላል፤ ተማሪ ግን በሐምሌ ተመርቆ ወደ ጎጃም ወይም ወደ ጅማ ይሄዳል፤ ለ4,000 ብር ብሎም ሐረር ተመልሶ አይመጣም። አዘግይ አከራይም ይህን ያውቃል። ስለዚህ ተመራቂ የሆናችሁ ሂሳባችሁን ከምረቃው ሳምንት በፊት ጨርሱ፤ ካልተቻለም የባንክ ሂሳብ ቁጥራችሁን በስምምነቱ ወረቀት ላይ አስፍራችሁ፥ በከተማው ለሚቀር ጓደኛ ውክልና ሰጥታችሁ ሂዱ።