የአየር ቱቦ ማስጠረግ ያዋጣል? ለአሶሳ ባለንብረት ሂሳቡ ሌላ ነው

በሰሜን አሜሪካ የመኖሪያ ቤት አየር ቱቦ መጥረግ ራሱን የቻለ ንግድ ነው። በዚያ ያሉ ብዙ ቤቶች ከአንድ ማሽን የሚነሣ ሞቃት ወይም ቀዝቃዛ አየር በኮርኒስና በወለል ሥር በተዘረጋ ቱቦ ለየክፍሉ የሚከፋፈልባቸው ናቸው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ እንደሚገልጸው የዚህ ዓይነቱ ጠረጋ ብዙውን ጊዜ ከ450 እስከ 1,000 ዶላር ያስወጣል።

ይኸው ኤጀንሲ ግን ቱቦ ማስጠረግ በሽታን እንደሚከላከል አልተረጋገጠም ይላል። በየጊዜው እንደ ልማድ ማስጠረግንም አይመክርም። ገንዘብ ማውጣት የሚገባው በሦስት ሁኔታዎች ነው፦ በቱቦው ውስጥ በዓይን የሚታይ ሻጋታ ሲኖር፣ አይጥ ወይም ነፍሳት ሲሰፍሩበት፣ ወይም ቱቦው በአቧራ ተደፍኖ ቆሻሻው በመተንፈሻው በኩል ወደ ክፍሉ ሲረጭ። ያኔም ቢሆን መንስኤው ካልተወገደ፣ ለምሳሌ የሚያፈሰው ጣሪያ ካልተደፈነ፣ ሻጋታው ተመልሶ ይመጣል።

እንግዲህ በአሶሳ ቤት፣ ቢሮ ወይም የእንግዳ ማረፊያ ያለው ሰው ይህ ወጪ ይመለከተዋል ወይ?

ቱቦው የት አለ?

ከአዲስ አበባ ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ የምትርቀው የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ክልል ዋና ከተማ ሙቀቷ የሚበረታው ከየካቲት እስከ ሚያዝያ ነው። ባህላዊው የቀርከሃ ቤት አየር በግድግዳው በኩል ስለሚያስገባ ማሽን አይፈልግም። የብሎኬትና የቆርቆሮ ቤት ግን ይግላል። ባለንብረቱ አቅም ካለው ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን ኤር ኮንዲሽነር ያስገባል።

ይህ ማሽን ደግሞ የአየር ቱቦ የለውም። የክፍሉን አየር ራሱ ስቦ፣ በፊልትሮ አጣርቶና አቀዝቅዞ እዚያው ይመልሰዋል። ከውስጠኛው ወደ ውጪኛው ክፍል የሚሄዱት ቀጫጭን የመዳብ መስመሮች የሚያመላልሱት ጋዝ ነው። እነሱን "እንጠርግልህ" የሚል ባለሙያ ቢመጣ በትህትና መሸኘት ይገባል፤ ያለ ምክንያት የተከፈተ መስመር ጋዙን ያስወጣል፣ አዲስ ወጪም ያመጣል። መጠረግ የሚያስፈልገው ውሃ የሚያንጠባጥበው የፕላስቲክ ጎማ ነው። እሱ ሲደፈን ውሃው ወደ ግድግዳው ይፈሳል፣ ሻጋታም ያበቅላል።

የፊልትሮው ሂሳብ

ክልሉ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ መገኛ ቢሆንም ኤሌክትሪክ በነፃ አይገኝም። ታሪፉ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመት በየሩብ ዓመቱ ከፍ እንዲል ተወስኗል። የአሜሪካ የኢነርጂ መሥሪያ ቤት እንደሚለው የተደፈነ ፊልትሮን በንጹህ መተካት የማሽኑን የኤሌክትሪክ ፍጆታ ከ5 እስከ 15 በመቶ ይቀንሳል።

ይህን ወደ ገንዘብ ለመለወጥ አሥር ክፍል ያለው የእንግዳ ማረፊያ እንውሰድ። እያንዳንዱ ማሽን 1.2 ኪሎ ዋት የሚስብ ሆኖ በቀን 6 ሰዓት ቢሠራ በወር 216 ኪሎ ዋት ሰዓት ይፈጃል፤ አሥሩ 2,160 ማለት ነው። የሚድነው በወር ከ108 እስከ 324 ኪሎ ዋት ሰዓት ይሆናል። ባለንብረቱ ይህን በራሱ ደረሰኝ ላይ ባለው ዋጋ ያባዛው። ለጽዳት የተጠየቀው ክፍያ በሙቀቱ ወራት ከሚድነው ከበለጠ ይከራከር፤ ፊልትሮውን ሠራተኛው በውሃ አጥቦ በጥላ ማድረቅ ይችላል። አቧራ በሚበዛበት በጋ በወር አንድ ጊዜ ማጠብ ይበቃል።

በባለሙያ የሚሠራው የውስጠኛውና የውጪኛው ክፍል ክንፎች እጥበትና የውሃ ማውጫው ጠረጋ ነው። ይህን ሙቀቱ ሳይገባ በጥር ማስጨረስ ይመከራል። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ መለዋወጫ በብር እጅግ ተወድዷል። የተቃጠለ ኮምፕሬሰር ከመቀየር ማሳጠብ ይረክሳል።

ሊዘነጋ የማይገባው ማድ ቤት

ጥያቄው የቤት ውስጥ አየር ከሆነ ዋናው ጉዳት ያለው በማድ ቤት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንዳስታወቀው በ2020 እ.ኤ.አ. በቤት ውስጥ የአየር ብክለት የሞቱት 3.2 ሚሊዮን ይገመታሉ። ከእነዚህም ውስጥ ከ237,000 በላይ የሚሆኑት ከአምስት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት ናቸው። መነሻው እንጨት፣ ከሰል፣ ኩበትና የመሳሰለው ጭስ ነው። እንግዳ ማረፊያው በእንጨት እንጀራ የሚያስጋግር ከሆነ ጋጋሪዋ የምትስበው ጭስ ኮርኒስ ላይ ካለ አቧራ ጋር አይወዳደርም።

በሲሚንቶ የሚሠራው ምርጥ ምድጃ ከሦስት ጉልቻ ጋር ሲነጻጸር ማገዶውን በግማሽ ያህል ይቀንሳል፤ የጭስ ማውጫም ሊገጠምለት ይችላል። በአሶሳ ሳይጓደል መጠረግ ያለበት "ቱቦ" ይህ ነው፤ ጥላሸት ሲያጠብበው ጭሱ ወደ ቤት ይመለሳልና። ለማገዶ የሚወጣው ገንዘብ ሲቀንስም በባለንብረቱ ሂሳብ ላይ ወዲያው ይታያል።

ለገዢ፣ ለደላላና ለኢንቨስተር

ማዕከላዊ የአየር ሥርዓት ያለው ሕንፃ በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ ከተማ ለመግዛት የሚደራደር ሰው የመተንፈሻውን ሽፋን አስነሥቶ በባትሪ ይመልከት። ሻጋታ ወይም የአይጥ ኩስ ካገኘ የጠረጋውንና የጣሪያ ጥገናውን ወጪ ከዋጋው ላይ ያስቀንስ። ጠራጊው ከሥራው በፊትና በኋላ በፎቶ ያሳይ፤ መድኃኒት እረጫለሁ ካለ ምን እንደሆነና ለምን እንዳስፈለገ በጽሑፍ ያስረዳ። በግዴለሽነት የተሠራ ጠረጋ አቧራውን ወደ ክፍሉ ከመበተኑም በላይ ቱቦውን ሊጎዳ ይችላል።

ደላላም ለተከራይ ድርጅት ቢሮ ሲያሳይ ማሽኖቹ መቼ እንደታጠቡ ቢጠይቅ ከውል በኋላ ከሚነሣ ጭቅጭቅ ይድናል። የቱቦ መጥረጊያ ማሽን አስመጥቶ አሶሳ ላይ መሥራት የሚያስብ ኢንቨስተር ካለ ደግሞ የሚጠረግ ቱቦ ያላቸውን ሕንፃዎች አስቀድሞ ይቁጠር። ከባንኮች፣ ከማረፊያዎችና ከእርዳታ ድርጅት ቢሮዎች ጋር የማሽን እጥበት ዓመታዊ ውል መዋዋል ጥቂት መሣሪያና አንድ ጥሩ የፍሪጅ ባለሙያ ነው የሚጠይቀው።