ወደ ውጭ ለመሄድ በብር የሚወጣውና በዶላር የሚወጣው

ለትምህርት ወደ ውጭ አገር ለመሄድ የሚሰናዳ ሰው ሒሳቡን አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከአውሮፕላን ቲኬትና ከቪዛ ክፍያ ነው። ስድስት ኪሎ፣ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ዋና ግቢ አካባቢ ላለ ፎቶ ኮፒ ቤትና የትርጉም ሥራ ደንበኛ ለሆነ መንገደኛ ግን ወጪው የሚጀምረው ከዚያ ብዙ ቀደም ብሎ ነው። ይህ የመጀመሪያው ወጪ በብር ይከፈላል፤ መጠኑም ከቲኬቱ ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው። በመሆኑም ችላ ይባላል። ገበያውን ቀረብ ብሎ ለተመለከተ ግን ብዙ ዶላር የሚባክነው በዚሁ በብር በሚሠራው ወረቀት ጉድለት ምክንያት ነው።

በቅድሚያ የዶላሩን ወገን እንመልከት። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ፣ በኢትዮጵያ ንግድ ባንክ 57 ብር ከ48 ሳንቲም ገደማ የነበረው የአንድ ዶላር መግዣ ዋጋ በዕለቱ 74 ብር ከ73 ሳንቲም ደረሰ። አምስት ወር ባልሞላ ጊዜ ደግሞ ከ120 ብር በላይ ሆነ። አሜሪካ ለውጭ አገር ተማሪዎች ምዝገባ በ2011 ዓ.ም. የወሰነችውን የ350 ዶላር ክፍያ ለምሳሌ ብንወስድ፣ በቀድሞው ተመን 20,118 ብር የነበረው በ120 ብር ሲሰላ 42,000 ብር ይሆናል። ታሪፉ ሳይነካ ወጪው ከእጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው። የዚህ ዓይነት ክፍያ ደግሞ ቪዛው ቢከለከልም አይመለስም።

አውሮፓም ቢሆን ቀላል አልሆነም። የአውሮፓ ኅብረት ሚያዝያ 21 ቀን 2016 ዓ.ም. ባሳለፈው ውሳኔ ለኢትዮጵያውያን የአጭር ጊዜ ቆይታ ቪዛ መልስ የሚሰጥበት ጊዜ ከ15 ቀን ወደ 45 ቀን ተራዘመ። ከሰነድ የሚቀነስ ነገርም እንዳይኖር ተደረገ። በዚያው ዓመት ሰኔ 4 ቀን ደግሞ የሸንገን ቪዛ ዋጋ ከ80 ወደ 90 ዩሮ ከፍ አለ። ለስብሰባ ወይም ለአጭር ኮርስ ለሚሄድ ሰው ከ10 ዩሮው ይልቅ የሚከብደው ቀኑ ነው። አንድ ወረቀት ጎድሎ ቢመለስበት እንደገና ወረፋ ይዞ ስብሰባው ላይ መድረሱ ያጠራጥራል።

ወደ ብሩ ወገን ስንመለስ፣ ከሁሉ ረዥሙ መንገድ ትራንስክሪፕት ነው። ብዙዎቹ የውጭ ዩኒቨርሲቲዎች ውጤቱ በታሸገ ፖስታ ወይም በቀጥታ ከሬጅስትራር እንዲላክላቸው ይጠይቃሉ። በመንግሥት ዩኒቨርሲቲ የተማረ ሰው ደግሞ የወጪ መጋራት ዕዳውን ሳያጠናቅቅ ይህን አያገኝም። የወጪ መጋራት ደንብ የወጣው በ1995 ዓ.ም. ሲሆን፣ ተመራቂው ከወር ገቢው ቢያንስ 10 በመቶ እየተቆረጠ በዓመታት ውስጥ እንዲከፍል ይፈቅዳል። አገር ውስጥ ተቀጥሮ ለሚሠራ ይህ ያለ ወለድ ብድር እንደማለት ነው። ለሚሄደው ግን ቀሪው ዕዳ ባንድ ጊዜ ይመጣበታል። ብዙ ሰው ይህን የሚያውቀው የማመልከቻው ቀን ሲቃረብ ነውና፣ የዕዳውን ልክ ገና በጠዋቱ ከገቢዎች መሥሪያ ቤት ማጣራት ይበጃል።

ሁለተኛው ችግር ስምና ቀን ነው፤ እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት ያስፈልጋል። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። በመሆኑም የውጭ አገር ቅጾች የአያትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ይይዙታል። «ፀሐይ» የሚለውን ስም በላቲን ፊደል አንዱ ጸሐፊ በአንድ ዓይነት፣ ሌላው በሌላ ዓይነት ይጽፈዋል። በዲግሪው፣ በልደት ምስክር ወረቀቱና በፓስፖርቱ ላይ ሦስት ዓይነት አጻጻፍ ሲገኝ፣ ለእኛ አንድ የሆነው ሰው ለባዕድ ቆንስላ ሦስት ሰው ይሆናል። ፓስፖርት ቀድሞ ወጥቶ ሌላው ትርጉም ሁሉ የእርሱን ፊደል እንዲከተል ማድረግ ዋነኛው መድኃኒት ነው። መደበኛው የፓስፖርት ክፍያ በ2016 ዓ.ም. መጨረሻ ከ2,000 ወደ 5,000 ብር ያደገ በመሆኑም፣ በስህተት ምክንያት ደጋግሞ ማውጣት የሚቻል ነገር አይደለም።

የዘመን ቆጠራውም እንዲሁ ነው። በጥቅምት 1994 ዓ.ም. የተወለደ ሰው በፈረንጆች ጥቅምት 2001 ሲሆን፣ በየካቲት 1994 የተወለደው ግን 2002 ነው። ልዩነቱ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ አልፎ ሰባት፣ ከዚያ ወዲያ ስምንት ዓመት ነውና ለሁሉም ስምንት የሚደምር ተርጓሚ የሰው ዕድሜ በዓመት ያዛባል። ጳጉሜን ስድስት ከሆነች በኋላም ቀኑ በአንድ ይገፋል፤ መስከረም 1 ቀን 1994 በመስከረም 11 ሲውል፣ መስከረም 1 ቀን 1996 የዋለው በ12 ነው። የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር አቀፍ ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ስለሆነ፣ የዛሬዎቹ ተጓዦች አብዛኞቹ የልደት ወረቀታቸውን ያወጡት አድገው ነው። ከመፈረማቸው በፊት ቀኑን ራሳቸው ቢያሰሉት ጥሩ ነው።

ሰነዶቹ ከተስተካከሉ በኋላ ማኅተሙ ይቀጥላል። የትምህርት ማስረጃ በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን፣ ቀጥሎ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ እንደ አገሩም በኤምባሲው ይረጋገጣል። አንዱ ሳያትም ሌላው አያትምም።

በመጨረሻ የሚታሰበው፣ መጀመሪያ መታሰብ የነበረበት ግን ውክልና ነው። በ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ መሠረት ጠቅላላ ውክልና የአስተዳደር ሥራ ብቻ ያሠራል። ቤት ለመሸጥ፣ ለማስያዝ ወይም ፍርድ ቤት ለመቆም ልዩ ሥልጣን ተዘርዝሮ መጻፍ አለበት። ትራንስክሪፕት ማውጣትና ባንክ ማንቀሳቀስም በግልጽ ቢጠቀስ ከክርክር ያድናል። ይህ ሥራ ከመሳፈር በፊት በሰነዶች ማረጋገጫ በጥቂት ብር ያልቃል። ከሄዱ በኋላ ሲሆን ግን ወረቀቱ በኤምባሲ ተፈርሞ፣ አዲስ አበባ ተልኮ፣ በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር እንደገና ተረጋግጦ ነው ሥራ ላይ የሚውለው፤ ክፍያውም የሚጀምረው በውጭ ምንዛሪ ነው።