እናትነትን ከውስጥ የምትሥል ሠዓሊ

ቤተ ክርስቲያን ስሞ ያደገ ሁሉ ምስለ ፍቁር ወልዳን ያውቃታል፤ እመቤታችን ልጇን ታቅፋ። ለብዙዎቻችን የእናት ሥዕል ማለት ይኸው ነው። በዛሬው ገጻችን የምናስተዋውቃችሁ ሠዓሊ መሪኮከብ ብርሃኑ ግን እናትነትን የምታሳየን በሌላ መንገድ ነው። በሸራዎቿ ላይ ከፊት ይልቅ ማህፀን፣ ፅንስና ዘር ይበዛሉ። አጠገባቸው ደግሞ የኤሌክትሮኒክስ ዕቃ ሆድ ዕቃው ሲከፈት የምናያቸውን የሚመስሉ መስመሮች ይታያሉ። ሕይወት የሚበቅልበት ቦታ በማሽን ሲከበብ ምን ይሆናል? ሥዕሎቿ የሚጠይቁት ይህን ይመስለናል።

መሪኮከብ እ.ኤ.አ. በ1977 አዲስ አበባ ተወለደች። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በአለ የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ተምራ በ2002 ተመረቀች። በኋላ ኑሮዋን አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ውስጥ አደረገች።

ለብዙ ሥዕሎቿ ርዕስ አትሰጥም፤ «ርዕስ የለሽ» ብላ ቁጥር ብቻ ትጽፍባቸዋለች። ታዲያ ተመልካቹ የራሱን ነገር ያይበታል። ያረገዘች ሴት ሌላ፣ ልጅ ያጣች ሌላ፣ ልጇን አገር ቤት ትታ የመጣች ደግሞ ሌላ ታያለች።

ስሟ በዓለም መድረክ የተጠራው በ2022 ነው። በዚያ ዓመት ጣሊያን አገር በተካሄደው 59ኛው የቬኒስ ቢየናሌ ዋና ትርኢት ላይ ከ58 አገሮች ከተመረጡት 213 አርቲስቶች አንዷ ሆነች። ከተሳታፊዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ነበሩ፤ በ1895 በተጀመረው በዚህ ትርኢት ታሪክ እንዲህ ሲሆን የመጀመሪያው ነው። ከተመረቀች ልክ 20 ዓመት! ጎበዝ፣ «ጊዜዬ አለፈ» ለምትሉ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሽያጩስ? ቬኒስ ላይ ሥዕል ይታያል እንጂ በይፋ አይሸጥም። የሚሸጠው በጋለሪ በኩል ነው። የእሷን ሥራዎች ለገዢ ካቀረቡት አንዱ እ.ኤ.አ. በ2016 አዲስ አበባ ላይ በሩን የከፈተው አዲስ ፋይን አርት ነው። ጋለሪ ቦታ ይሰጣል፣ ገዢ ይፈልጋል፣ ሥራውን ወደ ሌላ አገር ያደርሳል። በምላሹ ከዋጋው ብዙውን ጊዜ እስከ ግማሽ ድረስ ይወስዳል።

እዚህ ካምፕ ውስጥም ልጅ ጀርባዋ ላይ አዝላ የምትጠልፍ፣ ሰፌድ የምትሰፋ፣ በእርሳስ የምትሥል እናት አለች። ሥራዋን አንድ ሰው በርካሽ ወስዶ ሌላ ቦታ ያለ ስሟ ሲሸጠው ሁለት ነገር ታጣለች፤ ገንዘቧንና ስሟን። ገንዘብ ነገ ይገኝ ይሆናል፤ ስም የሌለው ሥራ ግን ባለቤቱን ፈልጎ አይመጣም። ስለዚህ እህቶቻችን፣ ሥራችሁን ከመስጠታችሁ በፊት እነዚህን አትርሱ፦

- ከጀርባው ስማችሁንና የሠራችሁበትን ቀን ጻፉ። መጻፍ የማትችሉ ልጆቻችሁን አጽፉ።
- በስልክ ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።
- የቀለሙን፣ የክሩንና የድካማችሁን ሒሳብ አስልታችሁ ዋጋ ቁረጡ።
- አሻሻጭ ካለ የእናንተ ድርሻ ስንት እንደሆነ፣ መቼ እንደሚከፈል በጽሑፍ ተስማሙ።

መሪኮከብ ለሥዕሎቿ ርዕስ ባትሰጥም ስሟ ግን አብሯቸው ይሄዳል። የእናንተም ይሂድ።